ሄደር ወይስ የፋብሪካው ማኒፎልድ? በጎጃም መንገድ ለሚነዳ ባለ መኪና የንጽጽር መመሪያ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ውጪ ያሉ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ እጅ ላይ ያለችውን መኪና ጠጋግኖ መንዳት የብዙ ሰው ዕጣ ሆኗል። ያረጀች መኪና ደግሞ ጉልበት ታጣለች። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሽቅብ ስትወጣ በሁለተኛ ማርሽ የምታቃስት ቪትዝ ወይም ኮሮላ ያለው ሰው ጋራዥ ጎራ ሲል ሁለት ተቃራኒ ምክር ይሰማል። አንዱ መካኒክ «ማኒፎልዱ (ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው ብረት) ተሰንጥቋል፣ በይደን እንመልሰዋለን» ይላል። ሌላው «ይሄን ግንድ የሚያህል ብረት አውልቀን ሄደር እንግጠምልህ፣ ትበራለች» ይላል። እንደ መኪናው ሁኔታ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ ዕቃውን ከማየት በፊት መመዘኛውን ማስቀመጥ ይሻላል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ እኛ አካባቢ ሄደር ያስፈልገኛል ከሚለው ባለ መኪና ውስጥ አብዛኛው የሚያስፈልገው የማያፈስ ማኒፎልድ ነው። ሄደር የሚክሳቸው መኪኖች አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው።

ልዩነታቸው ምን ላይ ነው

ሥራቸው አንድ ነው። ከየሲሊንደሩ የሚወጣውን የተቃጠለ ጭስ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ተቀብለው፣ ወደ አንድ ቱቦ ሰብስበው ወደ ማርሚታው (ወደ ድምፅ ማፈኛው) ይልካሉ። የፋብሪካው ማኒፎልድ ብዙውን ጊዜ ካስት አይረን ከሚባለው፣ ቀልጦ በቅርጽ ከሚፈስ ወፍራም ብረት የተሠራ ነው። መንገዱ አጭር ነው፤ ጭሱም ከቴስታታው እንደወጣ ወዲያው ይቀላቀላል። ሄደር ግን ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቱቦ አለው። ቱቦዎቹ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይዘልል ውፍረት ካለው ብረት ወይም ስቴንለስ የተጠማዘዙ ናቸው፤ ርዝመታቸው ተቀራራቢ እንዲሆን ይደረግና ራቅ ብለው ይገናኛሉ።

ይህ ለምን ጉልበት ይጨምራል? ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ዘንጉ 180 ዲግሪ በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ይተኩሳል። የጭስ ቫልቭ ግን ከ180 ዲግሪ በላይ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ አንዱ ሲሊንደር ጭሱን ገና አውጥቶ ሳይጨርስ ሌላው መትፋት ይጀምራል። አጭሩ ማኒፎልድ ውስጥ የሚሆነው በንግሥ ዕለት ሕዝቡ ሁሉ በአንዲት ጠባብ በር ልውጣ ሲል የሚሆነው ነው፤ አዲስ የሚመጣው ግፊት ገና ያልወጣውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሄደር ተራ ያስይዛቸዋል። ከዚያም በላይ፣ አንድ የጭስ ግፊት በረጅም ቱቦ ሲያልፍ ከኋላው ዝቅ ያለ ግፊት ይተዋል፤ ያ ዝቅታ በሰዓቱ ከደረሰ በሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን ጭስ ስቦ ያወጣል፣ ለንጹሕ አየር ቦታ ይለቅቃል። «በሰዓቱ ከደረሰ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የቱቦው ርዝመትና ስፋት ከአንድ የሞተር ዙር ጋር ይስማማል፣ ከሌላው ጋር አይስማማም። በሁሉም ዙር እኩል የሚያግዝ ሄደር የለም።

በምን እንመዝን

የመጀመሪያው ጥያቄ ሞተሩ ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። ቱርቦ (በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ያለው ናፍጣ ከሆነ ጉዳዩ ገና ሳይጀመር አልቋል ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ቱርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር ከሆነ ወሬው ይቀጥላል። እዚህም ላይ የሲሊንደር ቁጥር ይለያል። ባለ 1 ሊትር ቪትዝ ውስጥ ካሉት ሞተሮች አንዱ ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው፤ እሱ የሚተኩሰው በየ240 ዲግሪው ስለሆነ ጭሶቹ የመጋጨት ችግራቸው ትንሽ ነው። ሄደር የሚፈታው ችግር ከመነሻው ስለሌለ የሚጨምረውም ያንሳል። በአንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች ላይ ደግሞ ማኒፎልዱ ከቴስታታው ጋር አብሮ የተቀረጸ ነው፤ የሚፈታ ነገርም የለም።

ሁለተኛው መኪናው በየትኛው ዙር ነው የሚውለው የሚለው ነው። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር የሚመላለስ ሰው በሜዳው ላይ በደቂቃ ከ2,000 እስከ 3,000 ዙር ባለው መሃል ነው የሚነዳው። ዳገት ላይ ማርሽ ቀንሶ ከፍ ያደርገዋል፤ ያም ቢሆን ከ4,500 በላይ አዘውትሮ የሚወጣ የለም። ለእሽቅድምድም የተሠራ ሄደር ግን ጉልበቱን የሚሰጠው ከዚያ በላይ ነው። በላይኛው ዙር 5 በመቶ አግኝቶ በታችኛው 3 በመቶ ማጣት ለእኛ መንገድ ኪሳራ ነው።

ሦስተኛው ከፍታ ነው፤ ብዙ ሰው በማኒፎልድ የሚያማው ጥፋት የዚህ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ አካባቢ ነው። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ገደማ ትሻላለች። ዓባይ ድልድይ ላይ ከ1,000 ሜትር ብዙም አይዘልል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያለውን አየር ስለሆነ፣ ወረቀቱ ላይ 70 የፈረስ ጉልበት የተጻፈላት ቪትዝ ደብረ ማርቆስ ላይ ከ55 ብዙ አትርቅም። በጥሩ ሄደር ከዚህ ላይ ጥቂት በመቶ ቢጨመር ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት የፈረስ ጉልበት ነው። በአንጻሩ ከፍታው የወሰደው 15 ነው። በሄደር የሚመለስ አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወርደው ወደ ደጀን ሲወጡ መኪናዋ ታች ላይ ጎበዝ፣ ላይ ሲደርሱ ደካማ ከሆነች ታመመች ማለት ላይሆን ይችላል።

ከዚያ ሙቀት፣ ውሃና ጠጠር ይመጣሉ። የበረሃው ዳገት መኪናን በዝግታ፣ በሙሉ ጭነት፣ ነፋስ ሳያገኝ ነው የሚያስኬደው፤ በከባድ ጭነት የቤንዚን ሞተር ጭስ ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ቀጭን የሄደር ቱቦ ያንን ሙቀት ከኮፋኖው ሥር ይለቅቀዋል፤ አጠገቡ የሚያልፉ ሽቦዎችና የጎማ ቱቦዎች ይጠበሳሉ። በክረምት ደግሞ እንጅባራና ዳንግላ አካባቢ ያለውን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የጋለ ካስት ብረት ላይ የኩሬ ውሃ ሲረጭ መሰንጠቅን ይጋብዛል። ቀጭን ብረት ድንገተኛ ቅዝቃዜን ይችላል፣ ግን ይዝጋል። ከአስፋልት ወጥቶ ፒስታ ለሚገባ መኪና ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ ረጅም ሄደር የመጀመሪያው ድንጋይ ሲሳይ ነው።

ሁለት መመዘኛዎች ቀርተዋል፤ በአጭሩ። አንደኛ፣ ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? ቡሬ ላይ ቢሰነጠቅ የቡሬ በያጅ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው ወይስ አዲስ አበባ ይላካል? ሁለተኛ፣ ሙሉ ወጪው። የሄደሩ ዋጋ የወጪው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ጋርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መካከል ገብቶ ፍሳሽ የሚከለክለው)፣ አዲስ ቡሎኖች፣ የፊተኛውን ቱቦ ቆርጦ ማስማማት፣ የኦክስጅን ሴንሰሩን (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለክቶ ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚነግረውን) ሽቦ ማራዘም፣ የሙቀት መከለያ፣ የእጅ ሥራ። እነዚህ ተደምረው ከዕቃው የሚበልጡበት ጊዜ ብዙ ነው። የብር አኃዝ እዚህ አልጽፍም፣ ዋጋው በየወሩ ይቀያየራል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ጠዋት፣ ሞተሩ አድሮ በርዶ ሳለ፣ ኮፋኖውን ከፍተው አንድ ሰው እንዲያስነሳልዎ ያድርጉ። ጆሮ ወደ ማኒፎልዱ። «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል፣ ነዳጅ ሲሰጥ የሚፈጥን ድምፅ ከተሰማ፣ ከአምስት ወይም ከአሥር ደቂቃ በኋላም ሞተሩ ሲግል ከጠፋ፣ ማኒፎልዱ ያፈስሳል ማለት ነው። ሲሞቅ ብረቱ ሰፍቶ ስንጥቁን ይዘጋዋል፤ ለዚያም ነው ከሰዓት በኋላ ጋራዥ የወሰዱት መኪና «ምንም የለባትም» የሚባለው። ብዙ መካኒክ ይህንን የቫልቭ ድምፅ ነው ብሎ ቫልቭ ሊያስተካክል ይነሳል። የሚለየው ምልክት ማኒፎልዱ ከቴስታታው ጋር የሚጋጠምበት መስመር ላይ ያለ ጥቁር ጥላሸት ነው። መብራት ይዘው ከታች በኩል ይዩት፤ ብዙ ጊዜ ከዳር ባሉት ሲሊንደሮች በኩል ነው የሚገኘው፣ ሙቀት የሚያጣምመው ጫፉን ነውና።

ይህ ፍሳሽ ትንሽ ቢመስልም ጉልበትን ብቻ አይደለም የሚበላው። የኦክስጅን ሴንሰሩ ከፍሳሹ በታች ካለ፣ በስንጥቁ በኩል ሾልኮ የሚገባው አየር ያታልለዋል። ኮምፒውተሩ «ነዳጅ አንሷል» ብሎ ይጨምራል። መኪናዋ ቤንዚን ትጠጣለች፣ ጉልበቷ ግን አይጨምርም። ካርቦን ሞኖክሳይድም አለ፤ ሽታ የለውም፣ ከኮፋኖው ሥር ወደ ጋቢና ሊገባ ይችላል። በደጋው ብርድ መስኮት ዘግቶ የሚነዳ ሰው ይህንን ቀላል አድርጎ ማየት የለበትም።

ሁለተኛው ምርመራ የካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (የጭሱን መርዝ የሚቀንሰው ዕቃ) ነው። በብዙ እ.ኤ.አ. የ2000ዎቹ ጃፓን ሠራሽ መኪኖች ከማኒፎልዱ ሥር ይገኛል፤ ዘይት በሚያቃጥል ሞተር ላይ እየተደፈነ ይሄዳል። የተደፈነ ካታሊቲክ ያላት መኪና በዝግታ ደህና ትሄዳለች፣ ዳገት ላይ ግን እንደታነቀች ትሆናለች። መለኪያው ቀላል ነው፦ የፊተኛው ኦክስጅን ሴንሰር ወጥቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ይገባል። በ2,500 ዙር ከ0.2 ባር በላይ ካሳየ መንገዱ ተዘግቷል። መለኪያው የሌለው ጋራዥ ሴንሰሩን አውጥቶ ለአጭር ርቀት መንዳት ይችላል፤ ጩኸቷ ያስደነግጣል እንጂ፣ ጉልበቷ በድንገት ከተመለሰ መልሱ ተገኝቷል።

እግረ መንገዴን፦ «ካታሊቲኩን በነፃ አውጥተን ቀጥታ ቱቦ እናስገባልህ» የሚል ሰው ለምን በነፃ እንደሚሠራ ይጠይቁ። በውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለበት፤ ይሸጣል።

የአየር ፊልትሮና ካንዴላ አስቀድመው መፈተሽ እንዳለባቸው መናገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። በበጋ አቧራ ፊልትሮው ተደፍኖ ሄደር ያዘዘ ሰው ግን አለ።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*የነበረውን ማኒፎልድ መጠገን።* ችግሩ ጋርኒሲዮን ወይም የተበጠሰ ቡሎን ከሆነ ከዚህ የተሻለ አማራጭ የለም። ማኒፎልዱ ይወጣል፣ ቀጥ ያለ ብረት ፊቱ ላይ ተጋድሞ መጣመሙ ይታያል፤ ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ከዚያ ካለፈ ቶርኖ ቤት ፊቱን ያስተካክለዋል። በጠማማ ፊት ላይ ሁለት ጋርኒሲዮን ደርቦ ማጥበቅ የተለመደ ነው፣ አይረባም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ይመለሳል።

ስንጥቅ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ካስት ብረት እንደ ተራ ብረት አይበየድም። በደንብ ሳይሞቅ ከተበየደ፣ ብየዳው ይይዝና ከጎኑ ሌላ ስንጥቅ ይወጣል። የሚያውቅ በያጅ የስንጥቁን ጫፎች በትንሽ ቀዳዳ ያቆማቸዋል፣ ሙሉውን ብረት ያግለዋል፣ ኒኬል ባለው ኤሌክትሮድ በአጭር በአጭሩ እየበየደ፣ በመጨረሻ አሸዋ ወይም አመድ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ ያበርደዋል። ተራ ኤሌክትሮድ አንሥቶ ዝም ብሎ የሚጀምር ከሆነ ማኒፎልዱን ይዘው ይመለሱ።

*በሌላ የፋብሪካ ማኒፎልድ መተካት።* አዲስ ወይም ያገለገለ። ያገለገለው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፤ በሚያውቁት ሹፌር በኩል ማስመጣት ይቻላል። ሲቀበሉ በትንሽ መዶሻ ቀስ አድርገው ይምቱት፤ ጤነኛ ካስት ይደውላል፣ የተሰነጠቀ ደብዘዝ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ይህ አማራጭ የሚያስደስት ወሬ የለውም። ግን ይገጥማል፣ ሴንሰሩ ቦታው ላይ ነው፣ የሙቀት መከለያው ይመለሳል፣ ለዓመታዊ ምርመራም አያሳስብም፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አይታሰብም። ለሥራ መኪና ምርጫዬ ይሄ ነው።

ማኒፎልድ ሁሉ ደግሞ ክፉ ንድፍ አለው ብሎ መናቅ ስሕተት ነው። ያቺ ሁሉም የሚቀልድባት ላዳ እንኳ የካስት ማኒፎልዷ ሲሊንደሮቹን ሁለት ሁለት አጣምሮ ወደ መንታ ቱቦ ይልካል፤ ሄደር ሻጩ የሚያወራውን ግማሹን መንገድ ፋብሪካው ሄዶታል።

*አጭር ሄደር።* በፋብሪካው ማኒፎልድ ቦታ ልክ የሚገባ፣ ካታሊቲኩንና የፊተኛውን ቱቦ የማይነካ። አገጣጠሙ ቀላል ነው። ትርፉም ትንሽ ነው፤ ቱቦዎቹ ገና ሳይረዝሙ ስለሚገናኙ የመሳብ ሥራውን ብዙም አይሠሩም። የመጀመሪያው ማኒፎልድ ተሰንጥቆ ምትኩ ሲጠፋ እንደ ምትክ ጥሩ ነው። ለጉልበት ብሎ መግዛት ግን አይመከርም።

*ረጅም ሄደር።* እውነተኛው ለውጥ ያለው እዚህ ነው። ሁለት ዓይነት ነው። 4-1 የሚባለው አራቱን ቱቦ በአንድ ጊዜ ያገናኛል፤ ከፍ ባለ ዙር ያይላል። 4-2-1 የሚባለው መጀመሪያ ሁለት ሁለት ያጣምራል፣ ቀጥሎ ሁለቱን አንድ ያደርጋል። የአተኳኮስ ተራው 1-3-4-2 በሆነ ሞተር አንደኛው ከአራተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው ይጣመራሉ፣ እርስ በርስ የሚራራቁት እነሱ ናቸውና። 4-2-1 በመሃለኛው ዙር ይረዳል፤ የጎጃም ዳገት የሚጠይቀውም ያንን ነው። ማንም ሰው ለመንገድ መኪና 4-1 ሊሸጥልዎ ከሞከረ ይለፉት።

ችግሮቹ የዚያኑ ያህል ናቸው። ካታሊቲኩ ከቦታው ይወጣል ወይም ወደ ታች ይሸሻል። ኦክስጅን ሴንሰሩ ከቴስታታው ስለሚርቅ ይበርዳል፤ ማሞቂያ የሌለው የድሮ ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ከሆነ ጨርሶ ላይሠራ ይችላል፣ «ቼክ ኢንጅን» ይበራል። ድምፁ ይጨምራል። እና ኮምፒውተሩ ካልተስተካከለለት ከሚጠበቀው ትርፍ ከፊሉ ይቀራል።

የድሮ ካርቡራቶር ኮሮላ ላላቸው አንድ ነገር ልጨምር። እንደ 4ኬ ባሉት ሞተሮች የአየር ማስገቢያውና የጭስ መውጫው በአንድ ጎን፣ አንዱ በሌላው ላይ ነው፤ ከታች ያለው የጋለ ማኒፎልድ ከላይ ያለውን ያሞቀዋል፣ ቤንዚኑ እንዲተን ይረዳል። ሄደር ሲገጠም ያ ሙቀት ይቀራል። በደብረ ማርቆስ የሐምሌ ጠዋት መኪናዋ እስክትሞቅ ትንተፋተፋለች፣ ጋዙን ሲረግጡ ትሰምጣለች። ሄደሩ ጥፋት የለበትም፣ ሞተሩ በዚያ ሙቀት ተማምኖ ነው የተሠራው።

*በያጅ የሚሠራው ሄደር።* ከውጭ ማስመጣት አስቸጋሪ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚያበቃው እዚህ ነው። ጥሩ በያጅ ጥሩ ሄደር ይሠራል፣ ይህንን አልክድም። የማየው ችግር ግን ተመሳሳይ ነው፦ ቴስታታው ላይ የሚጋጠመው ፊት ከቀጭን ላሜራ ይቆረጣል፣ በብየዳው ሙቀት ይጣመማል፣ በሳምንቱ ያፈስሳል። ፊቱ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው፤ ሁሉም ብየዳ ካለቀ በኋላ ቶርኖ ቤት ይስተካከል። ቱቦዎቹ የውኃ ቧንቧ አይሁኑ፤ በጋልቫናይዝድ ቧንቧ የሚሠራ ካለ ደግሞ ፈጽሞ አይቀበሉ፣ ዚንኩ ሲግል የሚወጣው ጭስ ለበያጁም ለእርስዎም መርዝ ነው።

«ስቴንለስ ነው» ከተባሉ ማግኔት ይዘው ይሂዱ። 304 የሚባለው ስቴንለስ ማግኔት አይስብም፣ መታጠፊያው ላይ ቢስብም በጥቂቱ ነው። አጥብቆ የሚይዝ ከሆነ ተራ ብረት ወይም ዝቅ ያለ ደረጃ ያለው ስቴንለስ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው ይሁን። የ304 ብየዳ በአርጎን መሆን አለበት። ይሄ ስቴንለስ ሲግል ከካስት ይበልጥ ይረዝማል፤ ስለዚህ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ትንሽ ሰፋ ይበሉ ወይም ፊቱ በሲሊንደሮቹ መካከል ይሰንጠቅ። ካልሆነ ቡሎኑ ይበጠሳል፣ የተበጠሰ ቡሎን ከቴስታታ ማውጣት ደግሞ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

*ቱርቦ ያላቸው መኪኖች።* ሃይሉክስ ደብል ጋቢናው፣ አይሱዙው፣ አዲሶቹ አባዱላዎች። ቱርቦው የሚዞረው በጭሱ ሙቀትና ግፊት ስለሆነ ማኒፎልዱ ሙቀቱን ይዞ አጭር መንገድ ማድረሱ ጥሩ ነው፤ ወፍራሙ ካስት ደግሞ የቱርቦውን ክብደት ይሸከማል። ቀጭን ቱቦ በጠጠር መንገድ ንዝረት ከቱርቦው ክብደት በታች ይሰነጠቃል። እዚህ የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፦ ከቱርቦው በፊት ያለ ፍሳሽ ሁሉ ይዘጋ፣ በዚያ በኩል የሚያመልጥ ጭስ ከቱርቦው የተሰረቀ ጉልበት ነውና። ገንዘብ ከተረፈ ከቱርቦው በኋላ ያለውን ቱቦ ሰፋ ማድረግ ይሻላል። ባለ 4.2 ሊትሩ 1ኤችዜድ ላንድክሩዘር ቱርቦ ባይኖረውም ዝቅ ባለ ዙር የሚሠራ ናፍጣ ነው፤ ከሄደር የሚያገኘው አያስወራም። ጥቁር ጭስ የሚተፋ ከሆነ ፊልትሮውንና ኖዝሉን (ናፍጣውን የሚረጨውን) ያሳዩት።

በአንድ እይታ

| መመዘኛ | ነባሩን መጠገን | ሌላ ማኒፎልድ | አጭር ሄደር | ረጅም ሄደር 4-2-1 | በያጅ የሠራው |
|---|---|---|---|---|---|
| የጉልበት ጭማሪ | የጠፋውን ይመልሳል | የጠፋውን ይመልሳል | ከቁጥር አይገባም | ጥቂት በመቶ | እንደ ሠሪው |
| ዳገት ላይ ያለው ጥቅም | ፍሳሽ ከነበረ ይታወቃል | ፍሳሽ ከነበረ ይታወቃል | ትንሽ | መካከለኛ | አይታወቅም |
| ዕድሜ | ብየዳ ከሆነ አጠራጣሪ | ረጅም | መካከለኛ | ስቴንለስ ከሆነ ረጅም | አጭር ወይም መካከለኛ |
| የኮፋኖ ሥር ሙቀት | እንደነበረው | እንደነበረው | ይጨምራል | በጣም ይጨምራል | በጣም ይጨምራል |
| ሴንሰርና ካታሊቲክ | አይነካም | አይነካም | ብዙ ጊዜ አይነካም | ይነካል | ብዙ ጊዜ ይነካል |
| በአካባቢ ጥገና | በየከተማው | ምትኩ ከአዲስ አበባ | ብየዳ | አርጎን ብየዳ | ራሱ በያጁ |
| ድምፅ | የለም | የለም | ትንሽ | ይጨምራል | ይጨምራል |
| ሙሉ ወጪ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |

ለማን ምን ይሁን

በታክሲ ወይም በኪራይ ለሚሠራ ሰው፣ መኪና የቆመችበት ቀን ሁሉ ኪሳራ ነው። ፍሳሽ ካለ ጠግኑ፤ ማኒፎልዱ ከተሰነጠቀ ያገለገለ ፈልጉና ተኩ። ሄደር አይታሰብ።

ባለ 1 ሊትር ቪትዝ ያለው፣ ዓመት በዓል ሲሆን ቤተሰብ ጭኖ ከአዲስ አበባ ሞጣ ወይም ቢቸና የሚመጣ ሰው፣ ዳገቱን የሚያቀልለት ጭነት መቀነስና ማርሽ ቶሎ መቀነስ ነው። ካታሊቲኩን ያስለካ። ሦስት የፈረስ ጉልበት ለማግኘት የሚወጣው ገንዘብ ጎማና ፍሬን ላይ ቢውል የዓባይን ቁልቁለት በእርጋታ ይወርድበታል።

ባለ 1.6 ወይም 1.8 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው፣ ሞተሩ ጤነኛ የሆነ ቤንዚን መኪና ያለው፣ መንዳት የሚወድድ፣ ገንዘቡም የማይቸግረው ሰው ካለ፣ ለእሱ 4-2-1 ስቴንለስ ይሁን። ካታሊቲኩን ሳያስወጣ፣ ማሞቂያ ያለው ሴንሰር አድርጎ፣ የሙቀት መከለያውን መልሶ። ኮምፒውተሩን የሚያስተካክል ሰው አስቀድሞ ያግኝ፤ ለዚያ አዲስ አበባ መሄድ ሊኖርበት ይችላል።

ፒስታ የሚገባ፣ ጮቄ ሥር ወዳሉ ቀበሌዎች የሚመላለስ መኪና ላይ ካስት ይቆይ። የድሮ ካርቡራቶር ኮሮላም እንዲሁ፣ ማኒፎልዱ ጠፍቶ በግድ ካልሆነ በቀር።

ድምፁን ወድጄ ነው የሚል ሰውም አለ። ድምፅ ከፈለጉ ማርሚታውን ይቀይሩ፤ በሄደር ዋጋ ድምፅ መግዛት አያዋጣም።

ሲገጠም

ምንም ይመረጥ፣ ጋርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን። የተነሣው ጋርኒሲዮን በማጣበቂያ ተለቅልቆ ሲመለስ ካዩ ያስቁሙ። ዝገት የያዘ ቡሎን በኃይል አይፈታ፤ ዘይት ተነክሮ ይደር፣ ጠዋት ሞተሩ ትንሽ ሞቅ ብሎ ይሞከር። ቱቦውን በሙቀት ጨርቅ መጠቅለል ለኮፋኖው ሥር ሙቀት ይረዳል፣ ግን በተራ ብረት ላይ ጨርቁ የክረምቱን እርጥበት ይዞ ከሥሩ ያለውን ቱቦ ያዝገዋል፤ ስቴንለስ ላይ ብቻ ይሁን። የሙቀት መከለያ ላሜራው «አያስፈልግም» ተብሎ ጋራዡ ጥግ እንዳይቀር ይከታተሉ፣ ከእሳት አደጋ የሚከላከለው እሱ ነው።

ቡሎኖቹ ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ ተራ በተራ፣ በሁለት ዙር ይጠበቁ። ከዳር ከተጀመረ መሃሉ ይነሣል። አዲስ ጋርኒሲዮን ከተወሰነ ጉዞ በኋላ ይረግጣል፤ ስለዚህ እስከ 500 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ፣ ሞተሩ አድሮ በርዶ ሳለ፣ ቡሎኖቹ እንደገና ይፈተሹ። ይህንን ለመካኒኩ ዋጋ ሲስማሙ አብረው ይንገሩት፤ ለሁለተኛው ማጥበቂያ ለብቻው እንዳያስከፍልዎ።